ባለ ስድስት በርሜሉ ሐይቅ

ሐይቅ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ባል፣ ለራሴም ልጅ ለጠይብ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲመጣ ይቆጣኛል። የፊደሌን መጣመም አፉ በለኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ነው፤ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ መቆም አልለመደም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለመረዳት፣ ቀጥሎ ለማመን። መርካቶ ተቀምጦ ቁም ሣጥንና ቡፌ የሚሠራ አናጢ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ኑሮ ምን አስጨነቀው? ቢሆንም ሽማግሌ ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና እመልስልሃለሁ።

ቆሮሶ እንደ ሰው ነው። ቦታ ከሰጠኸው ይበላል፣ ካጣበብከው ይጣላል። ለአንድ ደርዘን ዓሣ አምስት ስድስት በርሜል ውሃ ብትሰጥ አይበዛም። ብርድ አይወድም፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይሻለዋል። ምግቡን አያማርጥም፤ አረንጓዴ ዝቃጭ፣ የተቀቀለ ጎመን፣ የዳቦ ፍርፋሪ ይበላል። ዋናው ነገር ውሃው መንቀሳቀስ አለበት። ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ካየህ አየር አጥቷል ማለት ነውና ፈጥነህ ድረስለት።

ረሂማ በየደብዳቤዋ የምትለውን አንተም ደገምከው። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ ትላላችሁ። አላህ ያክብራችሁ። ግን ስልሳ ዓመት ዓሣ ያጠመድኩበትን ውሃ ትቼ የት እሄዳለሁ? አዲስ አበባ ዝናብ ካልዘነበ በቀር ውሃ የለም። ለረሂማ እንደዚህ ብለህ ንገራት።

ማን ያበስልልዎታል ላልከኝ፣ አልተራብኩም። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እጄ ደክሟል።

አባትህ እንድሪስ

———

መርካቶ፣ ሰባተኛ
ኅዳር 6 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባታችን ለአባባ እንድሪስ

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። መልሱን በማዘግየቴ አፉ ይበሉኝ። ሥራ በዛብኝ እንዳልል ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሥራ ፈታሁ እንዳልል ደግሞ እጄ አንድ ቀን አላረፈም።

ረሂማ ደህና ናት። ልጃችን ሱሀይር አምስት ዓመቷን ደፈነች። አያትሽ ዓሣ ያጠምዳሉ ስንላት፣ ዓሦቹ ምን አደረጉት ብላ አፋጠጠችን።

ለምን እንደጠየቅሁዎ ለጠየቁኝ፣ ደንበኛ አዝዞኝ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ዓሣ ማኖር ይፈልጋሉ። ሁለመናው መስታወት እንዳይሆን ያን የሚያክል መስታወት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ታቹን፣ ጀርባውንና ጎኖቹን ከወፍራሙ ኮምፔንሳቶ ነው የምሠራው፤ ከፊት ለፊት ብቻ መስታወት ይሆናል። መስታወቱን አብነት አካባቢ አንድ ሱቅ ሲፈርስ አገኘሁት። ዕቃ ይደረደርበት የነበረ የፊት መስታወት ነው፤ ወፍራም ነው፣ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተፈንክቷል፣ እሱን ቆርጬ ጣልኩት።

ሣጥኑ የአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ርዝመት አለው፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። ወርዱ ሰማንያ፣ ቁመቱ ሰባ። ሲሞላ ስድስት በርሜል ተኩል ውሃ ይይዛል። ይህ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሦስት የሰቡ በሬዎች ሳሎን ውስጥ እንደማቆም ነው። ወለሉ ይችላል ወይ ቢሉኝ፣ አይችልም። ጣውላውን ነቅዬ ከሥሩ ድንጋይና ሲሚንቶ ሞላሁበት። ረሂማ ድንጋይ ስታቀብለኝ ጣቷን ትንሽ ቆንጥሯታል፤ አሁን ድኗል።

እንጨቱ ውሃ እንዳይጠጣ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ይገረም የሚባል የመኪና ገላ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። የተሰበረ የመኪና ጎን በፋይበር እየለበጠ እንደ አዲስ ያደርገዋል። የሣጥኑን ውስጥ እንዲለብጥልኝ ስጠይቀው ሥራውን አቁሞ አየኝ። ‹ጠይቤ፣ እኔ ውሃ መኪና ውስጥ እንዳይገባ ነው የማውቀው። ውሃ እንዳይወጣ አድርግልኝ ብሎ የመጣ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ› አለኝ። ግን እሺ ብሏል።

ጉልበትዎን ይጠብቁ። በደብዳቤው ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍኳትን ጥያቄ አይርሱብኝ።

ልጅዎ ጠይብ

———

ሐይቅ፣ ኅዳር 27 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለጠይብ

ረመዷን ሙባረክ። ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጋ ቀኑ አጭር ነው፤ ሳላስበው መግሪብ ይደርሳል።

ጠይብ፣ አንተ እጅህ እንጂ አፍህ ለውሸት አልተሠራም። ልጄ ረሂማ ከመቼ ጀምሮ ነው የሰው ቤት ወለል ሲሠራ ድንጋይ የምታቀብለው? ይህን እንኳ ባልፈው፣ በእርሳስ የጻፍካት ነገርህ አጋለጠችህ። የምቀመጥባት በርጩማ ቁመቷ ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ ስቀመጥ ዓይኔ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠይቀኸኛል። ደንበኛህ በእኔ በርጩማ ነው የሚቀመጠው? ቁመቷ ሁለት ስንዝር ናት፤ ግን መስታወቱን ለእሷ ብለህ ዝቅ አታድርገው።

ሐይቁን ትቶ አይመጣም ብላችሁ ሐይቅ ልትሠሩልኝ ነው። ይህ ሲገባኝ ደብዳቤውን አጥፌ ወጣሁ፤ ውሃው ዳር ብዙ ቆየሁ። ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ እንደዚህ ሲወደድ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። አላህ እጃችሁን ይባርከው። አሁን ግን ሥራውን አቁም።

የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው ሐምሌ ኒካሕ አሥሬአለሁ።

ሚስቴ ሉባባ ትባላለች። መረብ የምትጠግን ሴት ናት፤ እዚህ ሐይቅ ዳር መረቡ የተቀደደበት ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ወጥ መሥራት አቅቶኝ አይደለም ያገባኋት፤ ዓሣ ከእኔ የተሻለ የሚጠብስ ወንድ እዚህ የለም። ግን የረሂማ እናት ካረፈች በኋላ ማታ ቤቴ ስገባ በቀን ያየሁትን የምነግረው ሰው አጣሁ። አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ አምልጦኝ፣ መረቡን ላስጠግን ሄጄ ለሉባባ ነገርኳት። ጨርሼ ልሄድ ስነሳ ‹ከዚያስ?› አለችኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ከዚያስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሁላችሁም እንድሪስን የያዘው ውሃው ነው ትላላችሁ፤ እኔም እንደዚያ አስመሰልኩ። ውሃውንስ ወላሂ ጠግቤዋለሁ።

ለረሂማ እስካሁን አልነገርኳት። እኔው ራሴ እነግራታለሁ። መቼ ብለህ አትጠይቀኝ።

አባትህ እንድሪስ

———

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአባባ እንድሪስ

ዒድ ሙባረክ፤ አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ኒካሕዎንም አላህ ይባርከው፤ ለእትዬ ሉባባ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎን ወርክሾፑ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ድንገት ጮኼ ስስቅ ረሂማ ብሎን ይዛ ስትገባ ደረሰችብኝ። ‹አባ ምን አሉ?› አለች። ‹ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል› አልኳት። ‹ለጉልበት እንደዚህ ይሳቃል?› ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ውሸት አልችልም።

ሥራውን አቁም ላሉኝ፣ ማቆም አልተቻለኝም። ከእኔ ይልቅ የያዘችው እሷ ናት። ማዕዘኖቹን ኮላ የቀባችው እሷ፣ ብሎን እየቆጠረች ያቀበለችኝ እሷ። አባ እዚህ ጋ ይቀመጣሉ፣ ጠዋት ፀሐይ በዚህ በኩል ትገባለች እያለች የቤቱን ዕቃ ሦስት ጊዜ አዟዙራዋለች። ለአረፋ እንዲደርስ ነው የምትቸኩለው። በየትኛው አፌ ተይው ልበላት?

የመጀመሪያው ሙሌት እንዴት ነበር ቢሉኝ፣ ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር። ይገረም የለበጠው ፋይበር እንደ ዓለት ደርቆ፣ ሽታው እንዲወጣ አራት ጊዜ አጥበነው ቅዳሜ ሞላነው። ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ጎረቤቱ ሁሉ አየ፣ አደነቀ። ከዚያ መስታወቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ታችኛው ማዕዘን ላይ ሲሊኮኑ ለቀቀ። ሁለት በርሜል የሚሆን ውሃ በግድግዳው ሥር ገባ። ቤታችን የጭቃ መሆኑን ያውቃሉ። ከእትዬ ጤናዬ ጋር የምንጋራው ግድግዳ እንደ ገንፎ ሟሟና በግ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ።

እትዬ ጤናዬ በዚያ በኩል ቅመም የሚሸጡት የጎጃም ሴት ናቸው። አንድ ጆንያ በሶብላቸው እንደ ሻይ ተዘፈዘፈ። ልሞት ደረስኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ፊታቸውን በቀዳዳው አወጡና ‹ጠይብ፣ ዓሦቹ መጡ እንዴ?› አሉኝ። አልመጡም ስላቸው ነው የተቆጡት። ‹ታዲያ ዓሣ ሳይኖር ነው ያጥለቀለቅከኝ!›

በሶብላውን ተካሁላቸው፤ ግድግዳውን ከታች በብሎኬት ሠራሁት። ዓሣ የሚያዩባት መስኮት እንድተውላቸው ለምነውኝ ነበር፤ ቀበሌ ይቆጣል ብዬ በግድ አስማማኋቸው። ዓሦቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው እንዲሆኑ ቃል ገብቻለሁ።

አባባ፣ እባክዎን ይንገሯት። አንድ ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር የምዋሻት ይመስለኛል።

ልጅዎ ጠይብ

———

ሐይቅ፣ ጥር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለጠይብ

የእትዬ ጤናዬን ነገር ለሉባባ ሳነብላት መርፌዋን ጥላ ሳቀች። ሰላም በልልኝ ብላለች፤ አንተንም እሳቸውንም።

ስለ ማፍሰሱ ምክሬ ይኸው። ጀልባም የሚያፈሰው በሰፊው ጣውላ አይደለም፤ እንጨትና እንጨት በሚገናኝበት ነው። ማዕዘኑን አንዴ ለብጠህ አትመነው። ፋይበሩን በማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርበው። መስታወቱ ከውጭ ከተለጠፈ ውሃው ይገፋዋል፤ ከውስጥ ይሁን፣ ያኔ ውሃው ራሱ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ ይይዝልሃል። ስትሞላው ደግሞ በአንድ ቀን አይሁን። በየቀኑ አንድ በርሜል ጨምር፣ እጅህን በማዕዘኖቹ ሥር እያሳለፍክ ዳብስ። ዓይን የማያየውን እርጥበት እጅ ያውቀዋል።

ለረሂማ አራት ጊዜ ጻፍኩላት፤ አራቱንም ቀደድኳቸው። እናቷ የተቀበረች ዕለት እጄን ይዛ ‹አባ፣ አሁን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት› ያለችኝን አልረሳውም። እንዴት አድርጌ ነው፣ ልጄ ሆይ፣ እኔንም ሌላ ሰው ወሰደኝ የምላት? ማዕበል ፈርቼ አላውቅም፤ የልጄን ፊት ግን ፈራሁ። አንድ ወር ብቻ ታገሰኝ። ካልሆነልኝ አንተው ትነግራታለህ።

አባትህ እንድሪስ

———

መርካቶ፣ ጥር 27 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአባቴ ለእንድሪስ

አሰላሙ አለይኩም። የእጅ ጽሑፉ የጠይብ እንዳልሆነ ያስተውላሉ። ጥር 9 ቀን የጻፉትን ደብዳቤ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጠይብ ሶማሌ ተራ ይገረም ጋ ነበር። ከአባቴ የመጣ ደብዳቤ ለእኔም ነው ብዬ ከፈትኩት።

ሉባባ ማን ናት ብዬ አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ሁለተኛ አነበብኩት፤ ከዚያ የቀሩትን ደብዳቤዎች ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋቸው።

ምን አለች ብለው እንዳይጨነቁ፣ የሆነውን በቀጥታ እነግርዎታለሁ። ሦስት ቀን ከጠይብ ጋር በሱሀይር በኩል ነው ያወራነው። ‹ሱሀይር፣ አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው›፤ ‹ሱሀይር፣ እናትሽን አፉ በይኝ በያት›። በሦስተኛው ቀን ሱሀይር ደከማትና ‹እናንተ አፍ የላችሁም?› ብላ ተነስታ ሄደች። ያኔ እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ማግባትዎ አላናደደኝም። ይህን ለማለት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ግን እውነቴን ነው። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ለእናቴ ነው፤ የእሷ ለቅሶ ገና አላለቀልኝም። ያናደደኝ ለጠይብ ነግረው እኔን መፍራትዎ ነው። ልጅዎ እንደዚህ ያለች ክፉ ናት? ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ቀርቦልኝ አንድ ጉርሻ ከመጉረሴ በፊት አባ በልተው ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። ከሐምሌ ጀምሮ ያን ሁሉ የተጨነቅሁት በከንቱ ነበር!

እትዬ ሉባባን አስታውሳቸዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እግሬ ጀልባው ሥር መረብ ውስጥ ተጠላልፎ ስጮኽ፣ ሰው ሁሉ መረቡን ሊፈታ ሲታገል እሳቸው መጥተው በቢላ ቆረጡት። አዲስ መረብ ነበር፤ የራሳቸው ሥራ። ሰውዬው ሲቆጣቸው ‹መረብ ይጠገናል› አሉት። እናቴ ብዬ አልጠራቸውም፤ ያን አይጠብቁብኝ። እትዬ እላቸዋለሁ።

አሁን የምልዎትን ይስሙ። ለአረፋ ትመጣላችሁ፣ ሁለታችሁም። ብቻዎን ከመጡ በሩን አልከፍትም። ባዶ እጃችሁንም አትምጡ። ጠይብ ማዕዘኑን እንዳሉት ደራርቦ፣ መስታወቱን ከውስጥ አዙሮ፣ በየቀኑ አንድ አንድ በርሜል ጨምሮ ሞላው። መሙላት ከጀመረ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ጠብ አላለም። ስድስት በርሜል ተኩል ባዶ ውሃ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ያየኛል። ዓሣ ይዛችሁልኝ ኑ።

ልጅዎ ረሂማ

———

ሐይቅ፣ የካቲት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለረሂማ፣ ለጠይብም

እንመጣለን። እኔ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

ደብዳቤሽን ሉባባ ራሷ አስነበበችኝ፤ ስለ መረቡ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት። አልረሳችም እንዴ ብላ ወጥታ ሄደች፤ ብዙ ቆይታ ተመለሰች። ከዚያ ጀምሮ ምን እንደምትለብስ ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው። አትጨነቂ፣ የምትሄጂው ለሙሽርነት አይደለም ብላት ተቆጣችኝ፤ ነገሩ ከሙሽርነት ይከብዳል አለች።

አፉ በይኝ ልጄ። ሽማግሌ ሰው የሚፈራው የሚወደውን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓሦቹን በሁለት ጀሪካን አመጣለሁ፤ የጀሪካኖቹን አፍ ቆርጬ አስፍቼዋለሁ። የአውቶቡሱን ሹፌር አነጋግሬዋለሁ፤ የሚፈሰው ውሃ በእኔ እግር ላይ እንጂ በሰው እግር ላይ እንዳይሆን አስምሎኛል። መዳፍ የሚያካክሉ አሥራ ሁለት መርጫለሁ። ጠይብ፣ የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበትና ሳንደርስ ሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይ። ስንደርስም ዓሦቹን ወዲያው እንዳትገለብጣቸው፤ ያንተን ውሃ በኩባያ በኩባያ ጀሪካኑ ውስጥ እየጨመርን እናለማምዳቸዋለን። እንግዳ ሲገባ ቀስ ብሎ ነው።

አባታችሁ እንድሪስ

———

መርካቶ፣ መጋቢት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአባባ እንድሪስና ለእትዬ ሉባባ

በሰላም በመግባታችሁ አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ከሄዳችሁ ጀምሮ ጭር ብሎብናል። ረሂማ ትናንት ሳታስበው አምስት ሰሐን አቅርባ ሁለቱን መልሳ አነሳች።

መንገድ ላይ ስለሞተችው አንዷ ዓሣ አሁንም ይቅርታ መጠየቅዎን ይተዉ። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም አንድ ጥግ ተደብቀው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባዶ ውሃ ሊያይ ሲመጣ፣ እትዬ ጤናዬም ‹ይኸ ሁሉ ግድግዳ የፈረሰው ለውሃ ነው?› ሲሉ እንዴት እንዳፈርኩ አይተዋል። አሁን ግን መውጣት ጀምረዋል። እትዬ ጤናዬ ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መጥተው አይተዋቸው ይሄዳሉ። መብራት ሲጠፋና የአየር ፓምፑ ሲቆምም ሮጠው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ውሃውን በጆግ ከፍ አድርገው እየቀዱ መልሰው ያንቆረቁሩታል። ጆጉን ለሌላ ሰው አይሰጡም።

ረሂማና እትዬ ሉባባ የአረፋ ዋዜማ ኩሽናውን ዘግተው ምን እንዳወሩ ለጠየቁኝ፣ ረሂማ የነገረችኝ ይህችን ብቻ ነው። እትዬ ሉባባ ሽንኩርት እየላጡ ‹እናትሽን ልተካ አልመጣሁም። አባትሽን የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ያወራል› አሏት። ረሂማም ‹እማዬም እንደሱ ትል ነበር› አለቻቸው። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም በሽንኩርቱ አሳበቡ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። መጀመሪያ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። አራት ወር የደከምኩበትን ሣጥን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ‹ማሻአላህ፣ ጥሩ ሥራ ነው› ብለው ጀርባዎን ለዓሦቹ ሰጥተው ተቀመጡ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ፊትዎን ወደ እኛ፣ ጀርባዎን ወደ ውሃው። በመጨረሻው ሳምንት ሱሀይር ጭንዎ ላይ፣ እትዬ ሉባባ ‹ከዚያስ?› እያሉ፣ ረሂማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስትሰማዎ ሳይ መከፋቴ ጠፋ። በሕይወቴ ብዙ ዕቃ ሠርቻለሁ፤ ቤተሰብ እንደዚህ አንድ ላይ ያስቀመጠልኝ ዕቃ ግን አልነበረም።

አሁን ደግሞ ጭንቅ ይዞኛል። ከዓሦቹ አንዷ፣ ጎኗ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያላት፣ አራት ቀን ምግብ አልነካችም። አገጯ አብጧል፣ አፏን ገጥማ ብቻዋን ጥግ ይዛለች። ረሂማ ጨውና ነጭ ሽንኩርት እንሞክር ትላለች። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ መልሱንም በእሱ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ጠይብ

———

ሐይቅ፣ መጋቢት 23 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጆቼ

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው፤ አጭር ነው የምጽፈው።

ምንም አታድርጉባት! ጨው የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ። ዓሣዋ አልታመመችም፤ ልጆቿን በአፏ ይዛለች። ቆሮሶ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለቅማ አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እህል አትቀምስም፤ እንዳትውጣቸው ትፈራለች። ሁለት ሳምንት ያህል ትጾማለች። አትንኳት፣ መስታወቱንም አትደብድቡባት።

ስትለቃቸው ግን ሌሎቹ ይበሏቸዋል። ስለዚህ ሉባባ ከትናንት ወዲያ ለራሷ የጀመረችውን ደቃቅ መረብ አሁን እዚሁ ቆማ ጨረሰችው፤ ሹፌሩ ይዞታል። ሣጥኑን መሐል ለመሐል ክፈሉበት፤ እናቲቱ በአንድ በኩል ትሁን።

ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

እንድሪስ

———

መርካቶ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአባባና ለእትዬ ሉባባ

ለቀቀቻቸው! ትናንት ጠዋት ሱሀይር ‹ውሃው ውስጥ ዓይን አለ› ብላ ጮኸች። ሮጠን ስንመጣ ከእናታቸው ራስ ዙሪያ እንደ ጤፍ የረቀቁ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆች ተበትነዋል። መስታወቱን ትንሽ ስንጠጋ አፏን ከፈተችላቸው፤ ተግተልትለው ተመልሰው ገቡ። እትዬ ጤናዬ ‹በስመ አብ› ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሱቃቸውን የከፈቱት ከሰዓት በኋላ ነው።

መረቡ ልክ ነው፤ አንድ ጣት አልተረፈም፣ አንድ ጣት አላነሰም። እትዬ ሉባባ ሣጥኑን ሳይለኩ እንዴት አወቁት? ይገረም ሊያይ መጥቶ፣ ‹እኔ ሥራዬን ለመረብ ሠሪ ማስረከብ አለብኝ› ብሏል።

ስንት ናቸው እንዳትሉን። እኔ መቶ አርባ ላይ ስደርስ ተምታታብኝ፤ ረሂማ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው ትላለች፤ ሱሀይር ደግሞ ከሰባት በላይ መቁጠር አትችልም፣ ግን ሰባት እንዳልሆኑ እርግጠኛ ናት። ረሂማ ብዕሩን እየቀማችኝ ነው።

እትዬ ሉባባ፣ እኔ ነኝ። ሱሀይር ለሁሉም ስም ካላወጣሁ ብላ ከጠዋት ጀምሮ መፈናፈኛ አሳጥታናለች። እትዬ ሉባባ እስኪመጡ ይቆይ ብዬ ከልክያታለሁ። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ይምጡ። አባም ከፈለጉ አብረው ይምጡ።

ረሂማ